የጨጓራ ሕመም፦ በርበሬውን ከመኮነን በፊት ክኒኑን፣ ሰዓቱንና ጭንቀቱን መመርመር

ጎንደር ውስጥ መድኃኒት ቤት ቆሞ የሚውል ሰው «ጨጓራ» የሚለውን ቃል ያህል ደጋግሞ የሚሰማው ያለ አይመስለኝም። አንድ ረፋድ ላይ ከቅዳሜ ገበያ ሲመለሱ ጎራ ያሉ አንዲት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ሁለት ባዶ የክኒን እሽጎች ከፊቴ አስቀመጡ፤ አንደኛው የዲክሎፌናክ፣ ሁለተኛው የኦሜፕራዞል ነበር። «ልጄ፣ ይኸኛው ለጉልበቴ ነው፣ ይኸኛው ለጨጓራዬ፤ ሁለቱንም ድገምልኝ» አሉኝ። ጨጓራቸው ከተነሣ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው ብጠይቃቸው «ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ ነው፤ በርበሬ እርግፍ አድርጌ ትቻለሁ፣ እሱ ግን አልለቅ አለኝ» ሲሉ መለሱልኝ። መንሥኤውና መድኃኒቱ በአንድ ቋጠሮ ታስረው ሲመላለሱ፣ ጥፋተኛ ተብሎ ከቤት የተባረረው በርበሬው ብቻ ነበር።

ይህ መመሪያ ያንን ልማድ ገልብጦ ይጀምራል። የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው ከምግቡ ላይ ይህንንም ያንንም መቀነስ ከመጀመሩ አስቀድሞ የሚውጠውን ክኒን፣ የጨጓራ ባክቴሪያ መኖር አለመኖሩን፣ የሚበላበትን ሰዓትና ልቡን የከበደውን ነገር በዚሁ ተራ ቢመረምር ይሻለዋል፤ በርበሬው ላይ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ፍርዱ ይቀልለታል።

ጨጓራ ራሱ በሽታ አይደለም፤ ሁላችንም ያለን የሰውነት ክፍል ነው። የሚያመነጨው አሲድ ኃይለኛ ሲሆን በፒኤች፣ ማለትም ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ መበርታቱን በሚያሳየው መለኪያ፣ ሲለካ ከ1.5 እስከ 3.5 ይደርሳል፤ ከሎሚ ጭማቂ ጋር የሚተካከል፣ አንዳንዴም ከሱ የሚብስ ነው። ጨጓራ በገዛ አሲዱ የማይቃጠለው ውስጡ ንፍጥ በመሰለ ወፍራም ፈሳሽ ስለተለበጠና ከዚያ ሥር አሲዱን የሚያበርድ ባይካርቦኔት ስለሚመነጭ ነው። ይህ መከላከያ ሲሳሳ አሲዱ ከታች ያለውን ሽፋን ያገኘዋል፤ ሽፋኑም ይቆጣል። ሐኪሞች የጨጓራ ብግነት የሚሉት ይህንን ነው፤ ቁጣው ጠልቆ ሥጋውን ሲቦረቡረው ደግሞ የጨጓራ ቁስለት ይባላል። አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፤ ሽፋናቸው ክፉኛ ተቆጥቶ ምንም የማይሰማቸው ሰዎች ያሉትን ያህል፣ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ሲታይ ጨጓራቸው ደህና ሆኖ ሳለ ሌሊቱን ሙሉ ሲሞረሙራቸው የሚያድሩም አሉ። የሕመሙ ብርታት የጉዳቱን ልክ አይነግርም፤ ስለዚህ በስሜት ብቻ ተመርቶ ራስን ማከም ያሳስታል።

ቤት ውስጥ የማይታከመው

የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ አመጋገብን ስለ ማስተካከል ማሰብ ቀርቶ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል፦ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ፣ ደም ያለበት ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፣ ያልታሰበ የክብደት መቀነስ፣ ምግብ ሲዋጥ መተናነቅ፣ የማያቋርጥ ማስታወክ፣ እንዲሁም ከድካምና ከማዞር ጋር የሚመጣ የፊት መገርጣት። የደም ማነስ ክኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው ሊጠቁርበት ስለሚችል ይህንኑ ለሐኪሙ መንገር አለበት። ዕድሜው ወደ 60 የተጠጋ ወይም ያለፈ ሰው ከዚህ በፊት የማያውቀው የጨጓራ ሕመም በድንገት ሲጀምረው እንደ ተራ ነገር ሊያልፈው አይገባም።

ስለ አንድ ቃል ማስጠንቀቅ እፈልጋለሁ። በእኛ አገር ከጎድን በታች፣ ከእምብርት በላይ ያለውን ቦታ «ልቤ» ማለት የተለመደ ነው፤ «ልቤን ያመኛል» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ጨጓራውን ማለቱ ነው። የዚህ ግልባጭ ግን አደገኛ ነው፤ በእርግጥ የልብ ሕመም የጀመረው ሰው «ጨጓራዬ ተነሣ» ብሎ ተልባ አስበጥብጦ ሊተኛ ይችላል። ሕመሙ ደረትን የሚያጨንቅ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ዳገት ሲወጡ የሚብስና ከላብ ጋር የሚመጣ ከሆነ ጊዜ ሳይሰጡ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል። የጎንደር ዳገት ብዙ ነውና ይህን ምልክት ለመለየት እንኳ አይከብድም።

በኪስ ያለው ክኒን

ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን፣ አስፕሪንና የእነሱ ወገን የሆኑ የሕመም ማስታገሻዎች ሕመምን የሚያስታግሱት ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር መመረት በመቀነስ ነው። ችግሩ ያው ንጥረ ነገር የጨጓራን መከላከያ የሚጠብቅ መሆኑ ላይ ነው። ክኒኑ ወደ ደም ገብቶ የሚሠራ በመሆኑ «ከምግብ በኋላ ነው የምወስደው» ማለት ብቻውን አያድንም፤ በመርፌ የሚሰጠው ዲክሎፌናክም ቢሆን ጨጓራን ይጎዳል። ይህንን የምለው ብዙ ሰው መርፌው ሆድ ውስጥ ስለማይገባ ደህና ነው ብሎ ስለሚያስብ ነው።

የወገብ፣ የጉልበት ወይም የራስ ምታት ሕመም ያለበት ሰው ከእነዚህ ይልቅ ፓራሲታሞል ይሻለው እንደሆነ ባለሙያ መጠየቅ አለበት። ፓራሲታሞል የጨጓራን ሽፋን እንደ እነሱ አይጎዳም፤ ነገር ግን ጤነኛ አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙን ከ8 ፍሬ በላይ መውሰድ የለበትም፤ መጠጥ የሚያዘወትር ወይም ጉበቱን የታመመ ሰው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ለልብ ወይም ለአንጎል ደም ሥር ተብሎ በየቀኑ ትንሽ አስፕሪን የታዘዘለት ሰው ግን ጨጓራዬን ነካኝ ብሎ በራሱ ውሳኔ እንዳያቋርጥ አደራ እላለሁ፤ ያዘዘው ሐኪም ጨጓራውን የሚጠብቅ ሌላ መድኃኒት ሊጨምርለት ይችላል።

ኦሜፕራዞልም ቢሆን በዘፈቀደ አይወሰድም። መድኃኒቱ አሲድ የሚያመነጩት ሕዋሳት በምግብ ሊቀሰቀሱ ሲሉ ደርሶ የሚዘጋቸው ስለሆነ የሚዋጠው ከቁርስ 30 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ነው። ሲያቃጥል ብቻ፣ ያውም ከእራት በኋላ የሚውጠው ሰው «አልሠራልኝም» ቢል አይፈረድበትም፤ ያለ ሰዓቱ ነው የወሰደው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት መቀጠልም ተገቢ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የቫይታሚን ቢ12 እና የማግኒዥየም እጥረት ሊያስከትል ይችላል። ለብዙ ጊዜ ወስዶ በአንድ ቀን የሚያቆም ሰው ደግሞ አሲዱ ለተወሰኑ ሳምንታት ከቀድሞው በላይ ስለሚነሣበት በሽታው የተመለሰ ይመስለዋል፤ ስለዚህ እንዴት እንደሚያቆም ከባለሙያ ጋር መነጋገር ይበጃል።

ባክቴሪያው

ጨጓራ ውስጥ ባለው አሲድ ምንም ነገር በሕይወት ሊኖር አይችልም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፐርዝ በምትባለው የአውስትራሊያ ከተማ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሐኪሞች ዛሬ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የምንለውን ባክቴሪያ አገኙ፤ ማርሻል የሚያምነው ሲያጣ በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ የጨጓራ ብግነት ያዘው። ሁለቱ በ2005 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ከዚያ በፊት ቁስለት የጭንቀትና የቅመም ውጤት ነው እየተባለ ሰው ወተት ሲጠጣ ይኖር ነበር። ወተት ለጥቂት ደቂቃ ያበርዳል፤ ከዚያ ግን ጨጓራው ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ይቀሰቅሰዋል።

ይህ ባክቴሪያ ብዙውን ጊዜ የሚይዘን በልጅነት ሲሆን፣ የሚተላለፈውም በአፍና በአፍ ንክኪ ወይም ከሰገራ በተበከለ እጅ፣ ውኃና ምግብ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ባክቴሪያው ተገኘብኝ ብሎ ከመሶቡ መገለል አያስፈልገውም፤ ከሽንት ቤት መልስና ከምግብ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፣ የሚጠራጠሩትን ውኃ አፍልቶ መጠጣትና ለሕፃን ምግብ አኝኮ አለመስጠት ግን የሁሉም ቤት ሥራ ነው።

ምርመራው በሰገራ ወይም በትንፋሽ ቢደረግ ይመረጣል። የደም ምርመራው የሚያሳየው ሰውነት ባክቴሪያውን የተዋጋበትን ምልክት በመሆኑ፣ ከዳኑ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» እያለ ሊቀጥል ይችላል፤ በዚሁ የተነሣ ሁለትና ሦስት ጊዜ ያለ አግባብ የታከሙ ሰዎች ገጥመውኛል። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀን የሚቆይ ሲሆን ኦሜፕራዞልን ከሁለት ፀረ ባክቴሪያዎች ጋር፣ ለምሳሌ ከአሞክሲሲሊንና ከክላሪትሮማይሲን ጋር ያጣምራል። አፍ ይመርራል፣ ሆድም ሊለቀቅ ይችላል፤ በአምስተኛው ቀን «ተሻለኝ» ብሎ ማቆም ግን ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ ማድረግ ነው። መዳንን ለማረጋገጥ ፀረ ባክቴሪያው ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞሉ ከቆመ ደግሞ ቢያንስ 2 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በፊት የሚደረግ ምርመራ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል።

የመብላት ሰዓት

ከሁሉ በላይ ጊዜ ልንሰጠው የሚገባው ክፍል ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚለወጠው በራሳችን እጅ ነው፣ ገንዘብም አያስወጣም።

ከአዘዞ ፒያሳ የሚመላለስ አንድ የባጃጅ ሹፌር በተደጋጋሚ መድኃኒት ሲጠይቀኝ፣ ከመሸጥ በፊት ለ14 ቀን የሚበላውንና የሚሰማውን ነገር በትንሽ ደብተር ላይ እንዲጽፍ ለመንሁት። እየሳቀ ሄደ፤ ደብተሩን ግን ሞልቶ አመጣው። የማክሰኞው ገጽ እንዲህ ይል ነበር፦ ጠዋት 12 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መውጣት፤ 2 ሰዓት ላይ የጀበና ቡና ሁለት ስኒ፤ 5 ሰዓት ላይ «መሞርሞር ጀመረ»፤ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ለራስ ምታት ኢቡፕሮፌን፤ 9 ሰዓት ላይ ምሳ፣ ሽሮ ከቃሪያ ጋር፣ «በሩጫ»፤ ማታ 4 ሰዓት ላይ ጥብስና ሁለት ቢራ፤ 5 ሰዓት ላይ መኝታ፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ «አቃጠለኝ፣ ተነሣሁ»። የእሑዱ ገጽ ደግሞ ሌላ ነበር፦ ጠዋት 2 ሰዓት ቁርስ ፍርፍር፣ 7 ሰዓት ላይ ከቤተሰብ ጋር ምሳ፣ ያው ሽሮ፣ ያው ቃሪያ፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ቀለል ያለ እራት፣ «ሰላም አደርሁ»። ከቃሪያ ጋር ሲጣላ የኖረ ሰው ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አድርጎ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አያቸው።

ከደብተሩ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። ለ9 ሰዓት ባዶውን የዋለ ጨጓራ በአንድ ጊዜ ሲሞላ ይወጠራል፤ ውጥረቱ ራሱ ሕመም ነው፣ የሚመነጨውንም አሲድ ይጨምራል፣ አሲዱን ወደ ጉሮሮ ገፍቶ ቃር ያመጣል። ስለዚህ ከቤት ከመውጣት በፊት ጥቂትም ቢሆን መቅመስ ያስፈልጋል፤ ግማሽ ዳቦ፣ አንድ ጭልፋ ቅንጬ ወይም የአጃ ገንፎ፣ ከትናንት የተረፈ እንጀራ በአልጫ ይበቃል። ሥራው የማያመች ሰው ሙዝ ወይም የዳቦ ቆሎ በቦርሳው ይያዝ። በዋና ምግቦች መካከል ከ4 እስከ 5 ሰዓት ከማያልፍ ዕረፍት ጋር በመጠኑ መብላት፣ ከሚጠግቡበት ትንሽ ቀድሞ እጅን መሰብሰብና ከመኝታ 3 ሰዓት ያህል ቀድሞ እራትን መጨረስ ለብዙ ሰው ከማንኛውም የምግብ ክልከላ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ሌሊት ቃር የሚያስቸግረው ሰው ትራስ ከመደራረብ ይልቅ የአልጋውን የራስጌ እግሮች በእንጨት ከፍ ቢያደርግ ይመረጣል፤ ትራስ አንገትን አጥፎ ሆድን ይጫናል እንጂ አይጠቅምም።

ቡና፣ ጠላ፣ በርበሬ

ቡና የጨጓራ አሲድ እንዲጨምር ያደርጋል፤ ጨጓራን ግን ይቦረቡራል ማለት አይደለም። ቡና የሌለበት ጎረቤትነት በእኛ አገር ስለሌለ «ቡና ተው» የሚለው ምክር ሰውን ከሰው የሚለይ ምክር ነው። የተሻለው መንገድ ቅደም ተከተሉን መለወጥ ነው፤ በባዶ ሆድ አለመጠጣት፣ ቆሎውን ወይም ዳቦውን ከስኒው በፊት መቅመስና አቦሉን አሳልፎ ከቶና መጀመር። አቦል ወፍራሙ ነው፤ ቶናና በረካ እየቀጠኑ ይሄዳሉ። አስተናጋጇ «አቦሉን ሳትቀምስ?» ብላ ብትቆጣ «ሐኪም ከልክሎኝ ነው፣ ቶናውን በሞቴ አትንፈጊኝ» ማለት ያስታርቃል። ከጓደኞቻችን መካከል ይህንን የጀመሩት ጥቂት አይደሉም፤ በሦስተኛው ሳምንት ማንም አያስተውልም።

መጠጥ ሽፋኑን በቀጥታ ያቆጣል፤ በተለይም አረቄ፣ በተለይም በባዶ ሆድ፣ በተለይም የሕመም ማስታገሻ በወሰዱበት ቀን። ጎንደር የአርባ አራቱ ታቦት አገር ናትና የወር በዓሉ፣ ማኅበሩና ጽዋው ብዙ ነው፤ ጠላ እየተቀዳ «አፈር ስሆን» ሲባል እምቢ ማለት ከባድ ነው። ጨጓራው እስኪያገግም ድረስ ግን ብርጭቆውን ሳያጎድሉ መያዝ፣ ምግቡን ቀድሞ መብላትና ሌላው ሳይሞላው ራስ በውኃ መሙላት ከሁለቱም ወገን ሳይቀያየሙ ለመዋል ያስችላል። ሲጋራ የቁስለትን መዳን ያዘገያል። ጫት ደግሞ የምግብ ፍላጎትን ስለሚያጠፋ፣ ቃሚው ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆዱን ውሎ ማታ ከባድ ምግብ ላይ እንዲወድቅ ያደርገዋል።

አሁን በርበሬው ላይ ደረስን። በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ዳጣ የሚያቃጥሉት በውስጣቸው ባለው ካፕሳይሲን በሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ይህም የሕመም ስሜትን የሚያደርሱ ነርቮችን ይቀሰቅሳል። ቁስለት የመፍጠር ጥፋት አልተገኘበትም፤ የተቆጣ ሽፋን ባለበት ጨጓራ ላይ ሲያርፍ ግን ማቃጠሉ የታወቀ ነው። ስለዚህ በሕክምናው ሳምንታት አልጫ ወጥ፣ የድንች አልጫ፣ ክክ በእርድ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ጎመን በትንሽ ዘይት መብላት ያሳርፋል፤ ከዚያ በኋላ በርበሬውን ከግማሽ ማንኪያ ጀምሮ መመለስ ይቻላል። ስብና ዘይት የበዛበት ምግብ ጨጓራ ውስጥ ብዙ ስለሚቆይ ብዙ ሰው በርበሬውን የሚወቅሰው የቅቤው ጥፋት ሆኖ ሳለ ነው። እጅግ የኮመጠጠ እንጀራ የሚያቃጥለው ሰው ሊጡ ብዙ ሳይቆይ የተጋገረውን ይሞክር።

ስለ ቤት መድኃኒቶች አጭር ቃል። ተልባ ሲበጠበጥ የሚያወጣው ልጋግ ጉሮሮንና ሆድን ያለሰልሳል፤ ብዙ ሰው ይቀለዋል፣ ክፋትም የለውም፤ ክኒን ከሚወስዱበት ሰዓት ግን ሁለት ሰዓት ያህል ይራቅ። ፌጦ በሎሚ በባዶ ሆድ መውሰድን አልመክርም፤ የተቆጣን ሽፋን እንደገና ማስቆጣት ነው። ካርቦናት በጥብጦ መጠጣት አሲዱን ለጊዜው ያከሽፋል፤ ግን ጋዝ ይሞላል፣ ሶዲየሙም ለደም ግፊትና ለልብ ሕመምተኛ አይሆንም።

«ጨጓራዬን አቃጠለው»

ቋንቋችን ንዴትንና ጨጓራን ካገናኘ ቆይቷል፤ ሰው ሲያበሳጨን «ጨጓራዬን አቃጠለው» እንላለን። አባባሉ ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1822 በሰሜን አሜሪካ አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ ወጣት በጥይት ቆስሎ ሲድን በጨጓራው ላይ የማይዘጋ ቀዳዳ ቀረበት፤ ዊሊያም ቦሞንት የተባለው ሐኪሙም በቀዳዳው በኩል ለዓመታት እየተመለከተ ሰውየው በተቆጣ ወይም በፈራ ጊዜ የጨጓራው ሽፋን መልኩ እንደሚለወጥና መፍጨቱም እንደሚሰናከል ጻፈ። ዛሬ አንጎልና ጨጓራ በተለይ ቬገስ በሚባለው ነርቭ እንደሚነጋገሩ ይታወቃል። ጭንቀት የጨጓራን እንቅስቃሴ ያዛባል፣ ትንሹንም ሕመም አጉልቶ ያሰማል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልማዳችንን ይለውጣል፤ የተጨነቀ ሰው ቁርስ ይረሳል፣ ቡና ይደጋግማል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ራሱን አመመው ብሎ ክኒን ይውጣል። ጭንቀት ብቻውን ባክቴሪያ አይፈጥርም፤ ባክቴሪያውም ቢሆን ታክሞ ጭንቀቱ እንዳለ ከቀረ ሕመሙ ሊቀጥል ይችላል። የፈተና ሰሞን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለጨጓራ መድኃኒት በር ላይ የሚደረደሩት በርበሬው በዚያ ሳምንት ስለሚበረታ አይደለም።

የኑሮ ውድነቱን፣ የመንገዱን መዘጋትና የልጅን ነገር «አትጨነቅ» በማለት ማራቅ አይቻልም። ሊደረግ የሚችለው ጭንቀቱ ከመሶቡ ጋር እንዳይገናኝ ማድረግ ነው። ማዕድ ላይ የዕዳ ሒሳብ፣ የልጅ ቁጣና የስልክ ዜና አይቅረብ። ከምግብ በፊት ተቀምጦ ለ5 ደቂቃ ያህል አየርን በአፍንጫ አራት እስኪቆጥሩ ሆድን እየነፉ መሳብና ስድስት እስኪቆጥሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት ሰውነትን ያረጋጋል። ከምግብ በኋላ መተኛት ሳይሆን በዝግታ መራመድ ይጠቅማል፤ የፋሲል ግቢ አጥር 900 ሜትር ርዝመት አለውና ዙሪያውን አንድ ጊዜ መዞር ከሩብ ሰዓት ብዙ አያልፍም፣ ለዚህ ዓላማም ልክ ነው። ጭንቀቱ እንቅልፍ ከነሣ፣ ተስፋ ካስቆረጠ ወይም ከሳምንታት በላይ ከዘለቀ ግን ራሱን የቻለ ሕክምና ያለው ነገር ነው፤ ጎንደር እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ የሚሠለጥንባት ከተማ ስለሆነች የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማግኘት የማይታሰብ አይደለም።

በጾም ወራት

55 ቀን የሚዘልቀው ዐቢይ ጾም ሲገባ የጨጓራ ሕመምተኛ ሁለት ምርጫ ብቻ ያለው ይመስለዋል፤ ጾሙን መፍታት ወይም ሕመሙን መቻል። ሦስተኛ መንገድ አለ። በሕክምና ላይ ያለ፣ በተለይም ቁስለት ወይም መድማት የነበረበት ሰው ጉዳዩን ለንስሐ አባቱ ቢያስረዳ የጾሙን ሰዓት ያሳጥሩለታል፤ በእስልምናም የታመመ ሰው በረመዳን እንዳይጾምና በሌላ ቀን እንዲከፍል ፈቃድ አለ። ሕመሙ ቀላል ሆኖ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ደግሞ ቅዳሴ ሲወጣ ጾሙን በለብ ባለ ውኃና በኦሜፕራዞሉ ይፍታ፤ ከ30 ደቂቃ በኋላ ለስላሳ ነገር፣ ለምሳሌ የሱፍ ፍትፍት ወይም የአጃ ሾርባ ይቅመስ፤ ቡናው የመጨረሻው ይሁን። በቀረው ምሽት አንድ ከባድ ምግብ ከመብላት ሁለት መጠነኛ ምግብ መከፋፈል ይበጃል።

ከጾሙ ይልቅ ፈተናው ያለው ፍስኩ ላይ ነው። የፋሲካ ሌሊት ከቅዳሴ መልስ ለሁለት ወር የቅባት ሽታ ያልነካው ጨጓራ ዶሮ ወጥ፣ ክትፎና አረቄ በአንድ ላይ ይወርድበታል። ቀድመው ተልባ የሚቀምሱ ቤቶች ያላቸውን ጥበብ ማክበር ይገባል፤ ከዚያም ለመፈሰኪያ ያህል ጥቂት ቀምሶ ተኝቶ፣ የቀረውን ለነገ ማቆየት ነው። ዶሮው የትም አይሄድም።

ደብተሩን መሥራት

የራስዎን ጨጓራ ለማወቅ ተራ ደብተር ይበቃል። ለ14 ቀን ምንም ሳይለውጡ የተበላውን፣ ሰዓቱን፣ ቡናውንና መጠጡን፣ የተዋጠውን ክኒን ሁሉ፣ የእንቅልፉን ሰዓት፣ የዕለቱን ስሜት በአንድ ቃልና ሕመሙ የተነሣበትን ሰዓት ከ0 እስከ 10 በሚሰጡት ቁጥር ይጻፉ። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ለውጠው አንድ ሳምንት ይቆዩ፤ በመጀመሪያ የቁርስ ሰዓት፣ ቀጥሎ የቡናው ተራ፣ ቀጥሎ የእራቱ ሰዓት፣ በርበሬው በመጨረሻ። በአንድ ጊዜ ሁሉንም የሚለውጥ ሰው ቢሻለውም የትኛው እንዳዳነው ስለማያውቅ ዕድሜውን ሙሉ ያለ ምክንያት አልጫ ሲበላ ይኖራል። ይህ ሁሉ የቤት ሥራ ግን የሐኪም ምርመራን አይተካም፤ ሕመሙ ከጥቂት ሳምንታት በላይ ከቆየ ደብተሩን ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ ለጉልበት፣ ለራስና ለወገብ የዋጡትን ክኒን ባዶ እሽግም በነጠላዎ ጫፍ ቋጥረው ይውሰዱ።